የልምምድ እንግዳ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እማማ የዳይሬክተር ሚስት ሆኑ። ሹመቱ የመጣላቸው ድንች እየላጡ ሳለ ነው። ምራታቸው ወደ ማዕድ ቤቱ ብቅ አለችና፣ "እማማ፣ ያንን ይተዉትና እጅዎን ታጥበው ይምጡ፤ እርስዎ የዳይሬክተሩ ሚስት ነዎት" አለቻቸው። እማማ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ሆነዋል። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ሆነዋል፣ ሚስት ሆነዋል፣ እናት ሆነዋል፣ አሁን ደግሞ ልጃቸው ቤት የኋለኛዋ ክፍል ነዋሪ ናቸው፤ ዳይሬክተርነት ግን በሚስትነት በኩል እንኳ በደጃቸው አልፎ አያውቅም። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። መታጠቢያው አጠገብ በተሰቀለው ነጭ ፎጣ ግን አልጠረጉም፤ ያ የእንግዳ ፎጣ ነው። የእንግዳ ፎጣ ማለት በዚያ ቤት ደንብ ማንም የማይነካው ፎጣ ማለት ነው። የቤቱ ሰው እንዳይነካው ተከልክሏል፤ እንግዳው ደግሞ ንጣቱን አይቶ ይፈራውና እጁን በሱሪው ጠርጎ ይወጣል። እማማ በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጃቸው መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆኗል፤ ቦታውን የሚሰጠው ዳይሬክተር ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ከነሚስቱ እራት ተጋብዟል። ምክትሉም ከነሚስቱ ይመጣል። ምራቲቱ የእንግዳ አቀባበልና የገበታ ሥርዓት የሚባል ሥልጠና ወስዳ የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አስገብታ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ትይዩ ሰቅላዋለች፤ እዚያ ያልሰቀለችው እንደሆነ ሰው ሁሉ አያየውማ! አስተማሪዋ ታዲያ ግብዣ ያለ ልምምድ አይሆንም ብላ አስጠንቅቃታለች። ስለዚህ ልምምድ ሊደረግ ነው። ልጅየው ዳይሬክተር፣ እማማ የዳይሬክተር ሚስት፣ ምራቲቱ ራሷን ሆና። ምክትሉና ሚስቱ ሰው ስለጠፋላቸው በሁለት ትራስ ተተኩ።

ልምምዱ ከደጅ ነው የጀመረው። እማማና ልጃቸው ወጥተው ደወል ደወሉ። በሩ ወለል አለና ምራቲቱ፣ በዚያ ቤት ታይቶ በማይታወቅ ፈገግታ፣ "እንኳን ደህና መጡ! ቤታችን ዛሬ ገና ቤት ሆነ!" አለች። እማማ "ስላስጠበቅናችሁ ይቅርታ" እንዲሉ ተነግሯቸዋል። በመጀመሪያው ዙር ግን ይህን ሳይሉ፣ እግራቸው በለመደው መንገድ ቀጥ ብለው ወደ ድንቻቸው ገቡ። እንደገና ወጡ። በሁለተኛው ዙር ጫማቸውን እየጠረጉ ሲቆዩ የምራቲቱ ፈገግታ ደረቀባት። በሦስተኛው ተሳካ። ልጃቸው ወንበር ሳበላቸው። ወንበር ተስቦላቸው ተቀምጠው ስለማያውቁ ወደ ኋላ ገልመጥ አሉ፤ ልጅ ሆኖ ሊቀመጡ ሲሉ ወንበር እያሸሸ የሚሥቅባቸው ይኸው ልጅ ነበር። አላሸሸም። ከቤቱ ጌታ ወንበር በስተቀኝ፣ በክብር ቦታው፣ ወፍ መስሎ የተጣጠፈ ናፕኪን ፊት ለፊት፣ እማማ ቁጭ አሉ።

ሾርባ ተባለና ለብ ያለ ውኃ ቀረበ። ዶሮዋ ለማታ ስለሆነች በትልቁ ሳህን የትናንት ዳቦ ግማሽ ተጋድሟል። ምራቲቱ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ማር በሚንጠባጠብ ድምፅ፣ "ሾርባው እንዴት ነው?" ስትል ጠየቀች። እማማ ሐቀኛ ሴት ናቸውና ውኃውን በማንኪያ ቀምሰው ትንሽ አሰቡና "ጨው ያንሰዋል" አሉ።

ልጅየው በሣቅ ፈረሰ። እማማም አብረውት ሣቁ፤ እናትና ልጅ እንዲህ አብረው ከሣቁ ስንት ጊዜያቸው! ምራቲቱ ግን አልሣቀችም።

"እማማ! የዳይሬክተር ሚስት እንዲህ አትልም። 'ግሩም ነው' ነው የምትለው።"

"ግሩም ነው" አሉ እማማ።

ቀጥሎ ወደ ጨዋታ ተገባ፤ ገበታ ላይ የሚወራውም በሥልጠናው አለ። ምራቲቱ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ "ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ደህና ይተኛሉ?" አለቻቸው። ይህን ጥያቄ በዚህ ቤት የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ የግራ ጉልበታቸው ሌሊት ሌሊት እንደሚጠዘጥዛቸው፣ የኋለኛዋ ክፍል መስኮት አልገጥም ብሎ ነፋስ እንደሚያስገባ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ቁጭ ብለው እንደሚያነጉ መናገር ጀመሩ። ምራቲቱ እጇን አወናጨፈች። "እማማ፣ ይሄኮ መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ አይደለም። 'ደህና ነኝ' ብለው ወደ እኔ ይመልሱታል።" እማማ ደህና ነኝ ብለው መለሱላት። መስኮቱም እንዳለ ቀረ።

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የእማማ እጅ በልማዱ ሳህን ለመሰብሰብ ተዘረጋ፤ ምራቲቱ ጮኸች። "ኧረ እማማ! እንግዳ ሳህን አያነሳም! እንግዳ ሳህን አነሣ ቢባል እኔ ነኝ የምዋረደው!" እማማ እጃቸውን ሰበሰቡ። የሰው እጅ ሳህኑን ሲያነሣላቸው ምን እንደሚመስል ለማየት ተቀምጠው ጠበቁ። ማንም አላነሣም። ምራቲቱ ሰዓቷን አየችና፣ "በቃ፣ ጎበዝ፣ ልምምዱ አልቋል። በሉ እማማ፣ ሳህኖቹን ያንሡልኝ፤ እንዳይሰበሩ ብቻ ጥንቃቄ" ብላ ተነሣች። የእማማ ዳይሬክተርነት በዚህ ሁኔታ ተፈጸመ።

ሳህን እያደረቁ ሳለ ነው ጥያቄው ከአፋቸው ያመለጠው። "ማታ እኔ የት ነው የምቀመጠው?"

ልጃቸው ስልኩን አየ። ስልኩ ላይ ምንም አልነበረም፤ ጥቁር ነበር፤ እሱ ግን አየው። ምራቲቱ በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ "እማማ፣ ወንበሩ ስድስት ነው" አለች። ስድስት መሆኑ እውነት ነው። ሰባተኛው የፕላስቲክ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ እንኳን ሰው ሊቀመጥበት፣ በዚያ ምሽት መኖሩ ራሱ ሊታወቅ አይገባም። "እራትዎን ቀደም አድርገን ክፍልዎ እናመጣልዎታለን። እንደውም ይመችዎታል፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ምን አስጨነቀዎት?" እማማ እሺ አሉ። የከፋቸው የምግቡ ነገር አይደለም፤ ዶሮ ጠግበው ያውቃሉ። ይህ ልጅ ቢሮ ከገባ ጀምሮ ከሥራ ባልደረቦቹ አንድ እንኳ እሳቸውን ያየ የለም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ በሰዎቹ ፊት ትከሻቸውን ይዞ "እናቴ ናት" ሲል መስማት አማራቸው። ሌላ ምንም አልፈለጉም። ይህም ለካ ወንበር ይጠይቃል!

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። የሶፋው ፕላስቲክ ተገፈፈ፤ የቫኒላ ሽታ ያለው ሻማ ተለኮሰ፤ የአበባው ዋጋ ከዶሮዋ በልጦ ሲገኝ ምራቲቱ አበባውን ትታ የዶሮ ሻጩ ትንሽ ዶሮ ሰጥቶ እንዳጭበረበራት ተናገረች። በዚያ ቤት ሰው እንደሚኖር የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ከዓይን መሰወር ነበረበት፤ መሰወሪያው የታወቀ ነው። ልብስ ማስጫው ወደ እማማ ክፍል ገባ። ካውያው ገባ። የነጠላ ጫማዎቹ ዘንቢል፣ እጀታው የተሰበረው መጥረጊያ፣ የፕላስቲኩ ወንበር ገቡ። በመጨረሻ አንድ ሳህን ሩዝና የዶሮ አንገት ገባ። ከዚያ እማማ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። እማማ አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ "ቤታችን ዛሬ ገና ቤት ሆነ!" ሲባል ሰሙ። ድምፁ ከረፋዱ ይበልጥ ሞቋል፤ ልምምድ ደጉ! የወንበር መሳብ ተሰማ፣ "ይቅርታ፣ ባለቤቴ ጥርሷን አሟት ቀረች" የሚል የወንድ ድምፅ ተሰማ፤ ምክትሉ መሆኑ ነው። ኧረ ያሽላት፣ ውይ ምስኪን፣ ሲባባሉ ቆይተው አንዲት ሴት፣ "ታዲያ ይሄ ቦታ ባዶውን ሊቀር ነው?" ብላ ጠየቀች። የዳይሬክተሩ ሚስት ናት።

እማማ ቀና አሉ። ስድስት ወንበር፣ አምስት ሰው። የራስ መሸፈኛቸውን አስተካከሉ። አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አሁን ልጄ ይመጣል፣ በሩን ይከፍትና "ነይ እማዬ" ይላል፣ ብለው እግራቸውን ወደ ጫማቸው ላኩ። ከወዲያ የምራታቸው ድምፅ መጣ። "ባዶ ቦታ ገበታ ያበላሻል፤ ቆይ ላንሣው።" ሳህን ከሹካ ጋር ሲንሿሿ፣ ወንበር ወደ ግድግዳ ሲገፋ ተሰማ። ልጃቸውስ? የልጃቸው ማንኪያ ሾርባ ሲጨልፍ ተሰማ። እማማ ሆድ ባሳቸው።

ከዚያ ካውያውን አዩት። ምራታቸው ባታስገባላቸው ኖሮ ሐሳቡም ባልመጣ ነበር። ካውያውን ሰኩ፤ ለሰርግና ለልቅሶ ብቻ የሚወጣውን ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አልጋው ላይ ዘርግተው ተኮሱ፤ ለበሱ። በፕላስቲኩ ወንበር ተቀምጠው ጫማቸውን አሰሩ። በማዕድ ቤቱ የኋላ በር ወጡ፣ ግድግዳውን ይዘው ቤቱን ዞሩ፣ የፊት ለፊቱ በር ጋ ደርሰው ደወሉን ተጫኑ።

ምራቲቱ ከፈተች። ክው አለች።

"ስላስጠበቅናችሁ ይቅርታ" አሉ እማማ።

ሥልጠና መጥፎ ነው፤ አፍን ከአእምሮ ያስቀድማል። ምራቲቱ ገና ምን እንደምታደርግ ሳትወስን አፏ በራሱ ጊዜ ተከፍቶ፣ "እንኳን ደህና መጡ! ቤታችን ዛሬ ገና ቤት ሆነ!" አለ። ወደ ኋላ መመለስ አልተቻለም። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሥቷል፤ ሚስቱ አንገቷን አስግጋ ፈገግ ብላለች። "ማን ናቸው እኚህ የተከበሩ እናት?" አለች። እማማ ወደ ልጃቸው አዩ። ልጅየው ናፕኪኑን እያየ ነበር፤ ወፉን ፈትቶ እንደገና ሊያጥፈው ይሞክራል። ያልተሞላ ዝምታ በዚያ ቤት አይፈቀድምና ምራቲቱ ሞላችው። "የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። እንደ እናት ነው የምናያቸው።"

እንደ እናት! እማማ አልተቆጡም። ዳይሬክተሩ ራሱ ሄዶ የተገፋውን ወንበር አመጣና ሳበላቸው። አንሥታ የወሰደችውን ሳህን ምራቲቱ መለሰች፤ ሾርባ ቀዳች፤ ከዚያ ደንብ ነውና፣ ጥርሷን ነክሳ እየሣቀች፣ "ሾርባው እንዴት ነው?" አለች።

"ግሩም ነው" አሉ እማማ። "ጨው ግን ያንሰዋል።"

ዳይሬክተሩ ማንኪያውን ጥሎ ከት ብሎ ሣቀ። "እሰይ! እኔ የምላሴ ነገር መስሎኝ ስጨነቅ!" አለ። ምክትሉ ጨው እንዲያቀብሉት ሲለምን አላፈረም፤ ጨው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ የታሰረው ምላስ ሁሉ ተፈታ። ዶሮዋ ስትቆረጥ መሐሏ ሳይበስል ቀይ ሆኖ ቢገኝም ሁሉም ዳር ዳሯን በላ። የዳይሬክተሩ ሚስት ወደ እማማ ዞር ብላ ጤናቸውን፣ እንቅልፋቸውን ጠየቀች። እማማ በተማሩት መሠረት "ደህና ነኝ፤ አንቺስ?" አሉ። ሴትየዋ ግን ሥልጠና አልወሰደችም ኖሮ፣ "አይ፣ የእውነትዎን ይንገሩኝ" ብላ ሹካዋን አስቀመጠች። ነገሯት። ጉልበቱን፣ መስኮቱን፣ ነፋሱን፣ ሁሉን ነገሯት። ሰማቻቸው። "ልጆችስ የለዎትም?" አለች በመጨረሻ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

ምራቲቱ የውኃ ብርጭቆዋን እንደያዘች ድርቅ አለች። እማማ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ።

"አንድ ወንድ ልጅ አለኝ።"

"የት ነው ያለው?"

"እዚሁ ከተማ ነው። ቢሮ ነው የሚሠራው። ሥራ ይበዛበታል መሰለኝ፣ እምብዛም አንገናኝም።"

ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። "የዘመኑ ልጅ እንዲህ ነው እንግዲህ!" አለና ወደ ልጅየው ዞረ። "ያንተ እናት በሕይወት አሉ?"

"አዎ… አለች" አለ ልጅየው። ፊቱ ደም መስሏል።

"ትጠይቃቸዋለህ?"

"በየቀኑ ነው የማያት።"

"ጎበዝ! ሰምታችኋል? ልጅ ማለት እንዲህ ነው!" አለ ዳይሬክተሩ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። ልጅየው አመሰገነ። የሚገርመው፣ አመሰገነ! እማማም ድንቻቸውን መቁረጥ ቀጠሉ፤ ረፋዱ ላይ የላጡት ድንች መሆኑን በቅርጹ አወቁት።

ሻይ ተጠጣ። ምክትሉ የሚስቱን ጥርስ ምክንያት አድርጎ ቀድሞ ሄደ። ዳይሬክተሩና ሚስቱ ሊሄዱ ሲነሡ ሁሉም ተነሡ፤ እማማም ተነሡ፤ ምን ያድርጉ፣ እንግዳ ናቸው። "እርስዎንስ ማን ያደርስዎታል?" አለች ሚስትየዋ። ምራቲቱ ዘላ ገባችበት። "እኛ እናደርሳቸዋለን!" ዳይሬክተሩ እጁን አነሣ። "በፍጹም! እናንተ ስትደክሙ ነው የዋላችሁት። መኪናችን ባዶ ነው፣ በመንገዳችን እናደርሳቸዋለን።" እማማ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ልጃቸው አዩ። አሁን እንኳ ጊዜው አላለፈም ነበር። ልጅየው ቀድሟቸው ወጣ፣ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ፣ ክንዳቸውን ደገፍ አድርጎ፣ "ቀስ ብለው ይግቡ" አላቸው። ከተወለደ ጀምሮ "አንቺ" ሲላቸው የኖረ ልጅ! እማማ ቀስ ብለው ገቡ። በመስኮቱ ሲያዩ ባልና ሚስት ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙላቸዋል።

"ወደየት ነው እናቴ?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ወደ ግራ፣ ልጄ።"

ወደ ግራ ታጠፈ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አሁንም ወደ ግራ አሉት። መድኃኒት ቤቱን አልፈው አሁንም ወደ ግራ። ከኋላ አብራቸው የተቀመጠችው የዳይሬክተሩ ሚስት የእማማን እጅ ይዛ ስለ ጉልበት ቅባት እያወራች ነበር፤ ጫማ ጠጋኙ ሱቅ ጋ ደግሞ ወደ ግራ ሲሉ ቀና ብላ፣ "ቅድም ያለፍንበት መንገድ አይደል እንዴ?" አለች። "ነው" አሉ እማማ። "በቃ እዚህ ጋ አቁምልኝ። ይሄ ነው ቤቴ።"

መኪናው ቆመ። መብራቱ በሩን አበራው፤ የበሩን ደወል፣ ዋጋው ከዶሮዋ የበለጠውን አበባ በመስኮቱ በኩል አሳየ። ዳይሬክተሩ ሞተሩን አጥፍቶ በሩን አየ፤ በመስታወቱ እማማን አየ። ዳይሬክተር ቢሆንም ሰው ነበርና ገባው። ሚስቱ የያዘችውን እጅ ጠበቅ አደረገች።

"ልጅዎ…" አለ ዳይሬክተሩ።

"ዛሬ ሥራ በዝቶበት ነው" አሉ እማማ። እንባቸው ያን ጊዜ ነው የመጣው። በሰማያዊው ቀሚሳቸው እጅጌ ጠረጉት።

ዳይሬክተሩ ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ ክንዱን ሰጣቸው፤ ደወሉን ራሱ ተጫነ። የከፈተችው ምራቲቱ ናት። ጫማዋን አውልቃለች፣ ጸጉሯን ፈትታለች፣ በአንድ እጇ የዶሮ ቅልጥም ይዛ አፏ ሙሉ ነው። አፏ ግን አሁንም ታማኝ ነበር። "እንኳን ደ…" አለና እዚያው ላይ ታነቀ። ከኋላዋ ልጅየው ከረባቱን አላልቶ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፤ ሲያያቸው እንደ ተማሪ ብድግ አለ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ፣ "እናቴ ናት" አለ።

"አውቀናል" አለ ዳይሬክተሩ። "ቤታቸውን አሳይተውናል።" ስለ እራቱ አመሰገነ፣ ለእማማ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ሰኞ ቢሮ እንገናኛለን ብሎ ሄደ።

ገበታው እንደተተወ ነው። ሳህን በሳህን ላይ፣ የተፈቱ ወፎች፣ አጥንት፣ ቅባት የረጋበት ትሪ። ምራቲቱ ሳህኖቹን አየች፤ ከዚያ እማማን አየች። እማማ ወደ መታጠቢያው ገቡና እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ነጩን ፎጣ ከመስቀያው አወረዱት፤ መዳፋቸውን ጠረጉ፣ ጀርባውን ጠረጉ፣ ፊታቸውንም ጠረጉበት። ሲመለሱ ልጃቸው መንገዳቸው ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "እማዬ…" አለ። እማማ በገበታው አጠገብ አለፉት።

"እንግዳ ሳህን አያነሳም" አሉና ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።